የፈረንጅ መቀመጫ

በአንድ ሰው ስም የሚጠራ ድንጋይ አጠገብ ቆማችሁ፣ የአገሩ ሰው በሙሉ «እንዲህ ያለ ሰው ከቶ አልነበረም» ብሏችሁ ያውቃል? የሰውየውን ደብዳቤ በቃላችሁ ይዛችሁ፣ ሽማግሌውም ካህኑም ውኃ ቀጂዋም በአንድ አፍ ሲክዱት? እኔን ገጥሞኛል። በጣሊያን ዘመን፣ ጃናሞራ ውስጥ፣ በሦስት ቀን የተጀመረና ያለቀ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ግን እንደ ቀድሞዬ አስተምሬም ጽፌም አላውቅም። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ቅደም ተከተል እወዳለሁ።

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ያደግኩት አሥመራ፣ አጎቴ ቤት ስለሆነ ጣሊያንኛ እችላለሁ። ጣሊያኖች ጎንደር ውስጥ ለአገሬው ልጆች በከፈቱት ትምህርት ቤት ፊደልና ሒሳብ አስተምር ነበር። ይህን የምናገረው አንገቴን ደፍቼም ደረቴን ነፍቼም አይደለም፤ ነገሩ እንደዚያ ነበር። ደብተር ከእጄ አይለይም። በግራው ገጽ ጥያቄ እጽፋለሁ፣ በቀኙ መልሱን። ስሕተት ስሰርዝ እንኳ በማስመሪያ ነው። በቀኝ በኩል ባዶ ቦታ ካየሁ ደስ አይለኝም።

በከተማው የሕንፃ ሥራ ቢሮ ሲኞር ብሩኖ የሚባል ንድፍ አውጪ ነበር። ወታደር አይደለም። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሚስትም ልጅም የሌለው ዝምተኛ ሰው ነው። ትንንሽ ጣቶቹ ወደ ውስጥ የተጠማዘዙ ስለሆኑ፣ እርሳስ ሲይዝ ትንሿ ጣት ከሌሎቹ ሥር ለመደበቅ የምትሞክር ትመስላለች። አንድ ቀን አስጠራኝና ሦስት ያረጁ ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«የአባቴ ናቸው» አለ። «ቪቶሪዮ ይባላል። እኔ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ሞተ። እነዚህን የጻፈው ሳይጋቡ በፊት ለእናቴ ነው። በወጣትነቱ ለጀብዱ ብሎ ወደ አገራችሁ መጥቶ፣ ከጎንደር በላይ ባለው ደጋ ሁለት ዓመት ተቀምጧል።»

ሁለተኛውን ደብዳቤ አነበበልኝ። በቃሌ ይዤዋለሁ። «ከእኔ በቀር ይህን ተራራ የያዘ ነጭ የለም። አዝመራ ሲደርስ ጠላቶቼ በመቶ በመቶ ሆነው ከገደሉ ውስጥ ይወጣሉ። ትከሻቸው ላይ ጋማ አለ፤ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት። እኔ ከድንጋዬ ላይ ሆኜ በአንድ ጠመንጃ እመልሳቸዋለሁ። ባለፈው ውጊያ ባርኔጣዬን ማረኩብኝ። ሕዝቡ ከገብሱ ይገብርልኛል።»

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ጋማው ጎፈር ነው፤ የአንበሳ ጠጉር የለበሰ ጦረኛ ማለት ነው። ቀዩም የሐር ግምጃ መሆን አለበት። ይህን ለብሩኖ በሰፊው አስረዳሁት፤ እርሱም ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

ሦስተኛው ደብዳቤ አጭር ነው። መጨረሻው ላይ «እዚህ የሚያስቀረኝ ሌላ ነገርም አለ» ይልና ያበቃል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሰውየው ራሱ ነው፤ ወደ አገሩ ተመልሶ አገባት።

«እናቴ ይህችን መስመር እስክትሞት ድረስ ታነባት ነበር» አለ ብሩኖ። «አንድም ቀን አልጠየቀችውም። እኔ ግን በዓለም ላይ ከእኔ ሌላ የእርሱ ሰው ይኖር እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«ለምን ራስዎ አይሄዱም?»

«እኔ ከሄድኩ ከወታደር ጋር ነው የምሄደው። ከወታደር ጋር ለሄደ ሰው ማን እውነቱን ይነግረዋል? አንተ ሂድልኝ። ለክፍልህ ትልቅ የዓለም ካርታ አስመጣልሃለሁ።»

ካርታው ባይኖርም እሄድ ነበር። በግራ በኩል የሚጻፍ ጥያቄ ተሰጥቶኛላ።

ትምህርት ሲዘጋ በካሚዮን እስከ ደባርቅ ሄድኩ፤ ከዚያ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ሁለት ቀን በእግር። አገሩ በአርበኛ የተሞላ ስለሆነ ፍርሃቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰላይ ይሉኛል ብዬ። በደብተሬ በግራ በኩል «ሰላይ ነህ ወይ ቢሉኝ» ብዬ ጽፌ በቀኝ በኩል አራት መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አላስፈለገኝም።

የደብሩን ስም እዚህ አላነሳም። ስደርስ እሑድ ነበር፤ ሰው ከቅዳሴ እየወጣ ነው። ይህ መልካም አጋጣሚ ነው ብዬ፣ ክፍሌ ውስጥ እንደምቆመው፣ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሜ ደብተሬን ገለጥኩ።

«የተከበራችሁ ያገር ሽማግሌዎች» አልኩ፣ «ሦስት ጥያቄዎች አሉኝ። አንደኛ፣ ቪቶሪዮ የሚባል ፈረንጅ በወጣትነታችሁ ዘመን እዚህ ኖሯል ወይ? ሁለተኛ፣ የኖረው የትኛው ቦታ ላይ ነው? ሦስተኛ፣ ልጅ ወልዶ ነበር ወይ? ከወለደስ ልጁ ዛሬ የት ነው?»

ጋቢውን ያጣፋ የነበረ አንድ ሰው እጁን አቆመ። ሁለት ሴቶች ጀምረውት የነበረውን ወሬ ተዉት። ከዚያ አንድ ረጅም ሽማግሌ በዘንጋቸው ተደግፈው ወደ እኔ ቀረቡ። አያ ተገኜ ይባላሉ፤ የአገሩን ትውልድ ከላይ እስከ ታች በቃላቸው የሚቆጥሩ ሰው መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅኩት።

«አንተ ልጅ» አሉ፣ «ከሰውየው ስንተኛ ነህ?»

«እኔ ዘመዱ አይደለሁም። የላከኝ ሰው አለ።»

«እንግዲያ ነገረ ፈጅ ነህ።»

«የለም፣ መምህር ነኝ።»

«ነገረ ፈጅም ተምሮ ነው ነገረ ፈጅ የሚሆን» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ቆመ። «ስማኝ። እዚህ አገር ፈረንጅ አልኖረም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«በወሬም አልሰማን» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ማደሪያ የሰጡኝ እራሳቸው አያ ተገኜ ናቸው። ወደ ቤታቸው ስንወርድ ከገብስ ማሳዎቹ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አየሁ። እንስራ አዝላ የምትወጣ ልጅ መንገድ ላይ አግኝተን፣ «ያ ድንጋይ ምን ይባላል?» አልኳት።

«የፈረንጅ መቀመጫ» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ወደ አያ ተገኜ ዞርኩ። «ምነው እንዲህ ተባለ?»

«እንዲሁ ነው። ድንጋይ ምን ስም ያጣል» አሉ፣ ወደ ፊት እየሄዱ።

ቤታቸው የገብስ ቂጣ በእርጎ አቀረቡልኝ፤ እየካዱ ያበሉኝ ነበር፣ እያበሉ ይክዱኝ ነበር። ሰውየው ደብዳቤ ጽፎ እንደነበር ብነግራቸውም ከቃላቸው አልተመለሱም። በመጨረሻ «አያ ተገኜ፣ ሰላይ መስዬአችሁ ከሆነ...» ብዬ ጀመርኩ።

አላስጨረሱኝም። «ሰላይ ብትሆንማ ሸጋ ነበር። ሰላይ አይቶ ይሄዳል። ርስት ጠያቂ ግን መጥቶ አይሄድም።»

እዚህ ላይ ላስረዳችሁ፤ እኔ አሥመራ ስላደግኩ ያኔ በቅጡ አላውቀውም ነበር። በዚያ አገር መሬት የሚያዘው ትውልድ በመቁጠር ነው። አገሩን መጀመሪያ ያቀና አባት አለ፤ ከእርሱ እስከ ራሱ ድረስ ሳያቋርጥ መቁጠር የቻለ ሰው ከመሬቱ ድርሻ አለው። ቁጥሩ ከአንድ ቦታ ላይ የተበጠሰበት ከመሬቱ ይወጣል። ስለዚህ አንድ እንግዳ መጥቶ «እገሌ እዚህ ኖሮ ነበር፤ ልጅስ ነበረው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚጠይቀው ስለ ሞተ ሰው አይደለም። ስለ ቆመ ማሳ ነው። አያ ተገኜ ይህን በሁለት ቃል ነገሩኝ፤ እኔ ግን የገጠር ሰው ግትርነት ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ምንጩ ስወርድ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋቸው ቀጭን ሰው ጠበቁኝ። አያ ደሴ ይባላሉ።

«ያ የጠየቅኸው ነገር» አሉ ዙሪያውን እያዩ፣ «መልሱ እኔ ዘንድ አለ። ያዝ፣ ጻፍ።»

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። አያ ደሴ ቀስ እያሉ፣ ቃል በቃል አስጻፉኝ።

«ፈረንጁ ሁለት ዓመት እዚህ ተቀምጧል። ያ ድንጋይ የእርሱ ነው። ሙሉ ከምትባል ሴት ጋር ኖረ። ሙሉ አረገዘች። እርሱ አገሩ ገባ። የተወለደችው ይታይሽ ናት፤ ያ ማዶ የምታየው፣ ኮሶ ዛፍ ያለበት ቤት የእርሷ ነው። ከድንጋዩ ሥር ያለው ማሳም በእጇ ነው። የአጎቴ የጋላዬ ልጅ ነኝ ትላለች። አይደለችም። ጻፍከው?»

«ጽፌዋለሁ።»

«አይደለችም የሚለውንም?»

«እርሱንም።»

«ማኅተም አለህ?»

«ማኅተም የለኝም። ፊርማ ግን አለኝ።»

«የመንግሥት ሰው ፊርማ ነው፤ ይበቃል» አሉ። ከዚያ እንደ ማፈር ብለው፣ «አምስት ወንድ ልጆች አሉኝ፤ መሬቴን አይተሃት እንደሆነ አንድ በሬ ቢዞርባት ሌላው ይወድቃል። ነገ ሽማግሌዎች ይዤ እመጣለሁ። ይህንኑ ታነብልኛለህ፣ ትፈርምበታለህ።»

«በደስታ» አልኩ። በሕይወቴ ተናግሬ ከማፍርባቸው ቃላት አንዷ ይህች ናት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኮሶ ዛፍ ወዳለበት ቤት ሄድኩ። ለማረጋገጥ ነው የሄድኩት፤ አንድ ምስክር አይበቃም ብዬ አስተምራለሁ። ወይዘሮ ይታይሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ባና ለሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ሰላምታ ሰጥቼ ቀና ስል ዐይኔ እጃቸው ላይ አረፈ። እንዝርቱን የያዘችው ትንሿ ጣታቸው ወደ ውስጥ ተጠማዝዛ ከሌሎቹ ሥር ተደብቃለች። ምስክር መፈለጌን እዚያው ላይ ተውኩት።

«ግባ» አሉ። «ቦርሳህን እዚያ ቀንድ ላይ ስቀለው። ደብተሩንም ጨምርበት። እርሳሱንም።»

ሰቀልኩት። እጄ ባዶ ሲሆን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«አሁን ንገረኝ። ምነው መጣህ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተናገርኩ። ስለ ብሩኖ፣ ሚስትም ልጅም እንደሌለው፣ እናቱ ስታነባት ስለኖረችው መስመር፣ በዓለም ላይ ሌላ የአባቱ ሰው እንዳለ ብቻ ማወቅ እንደሚፈልግ።

እንዝርቱ ቆመ። «ወንድም ነው የምትለኝ?»

«ታናሽ ወንድም።»

«መሬት አይጠይቅም?»

«መሬት መኖሩንም አያውቅ።»

«ታዲያ ይህን ምነው እሑድ ዕለት ሳትናገር? ሰው ስለ ሰው አባት ሲጠይቅ ምን እንደሚሻ አስቀድሞ ይናገራል። አንተ ጥያቄህን ቆጥረህ ቆጥረህ አወረድክ፤ የምትሻውን ግን ቦርሳህ ውስጥ ተውኸው።»

ከዚያ የደብዳቤውን ነገር ጠየቁኝ። ስለ ተራራው፣ ስለ ጋማውና ስለ ቀዩ ምልክት፣ ስለ ተማረከው ባርኔጣ፣ ሕዝቡ ስለገበረለት ገብስ ነገርኳቸው። መጀመሪያ እንዝርቱን እንደያዙ ሰሙኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ይስቁ ነበር።

«ጭላዳ ነዋ» አሉ፣ ዐይናቸውን እየጠረጉ። «ጭላዳ ዝንጀሮ። ገብስ ሲደርስ ከገደል እየወጣ ይፈጀዋል። ፈረንጁ በቅሎው ገደል ገብታበት፣ በንዳድ ተይዞ ወድቆ ነው የተገኘው፤ እናቴ እንደነገረችኝ። ሲሻለው ምን ሥራ ይሰጠው? ማረስ አያውቅ። ጠመንጃ ግን አለው። ከድንጋዩ ላይ አስቀመጡት፣ ገብስ ጠባቂ። አያ ድው ይሉት ነበር፣ በተኩሱ። ደመወዙ ገብስ ነው። ባርኔጣውንም የወሰደበት አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ነው፤ ለብሶት ገደል ወረደ ይባላል፣ መልበሱን እንኳ እንጃ።»

እኔም ሳቅኩ። ያን ሁሉ የጎፈር ማብራሪያ ለብሩኖ መስጠቴ ትዝ ብሎኝ በራሴ ጭምር ነበር የምስቀው።

ከዚያ ወይዘሮ ይታይሽ ሳቃቸውን ያዙት። «ሲሄድ እናቴ ማርገዟን ያወቀ አይመስለኝም። ወይ አውቋል። እርሱን የሞቱት ይወቁት። ጋላዬ በዚያው ወር አገባት። እኔ በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ስነሳ ካህኑ ‹የማን ልጅ ናት?› አለ። ጋላዬ ‹የእኔ› አለ። የሰማ ሁሉ ሰማ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው አላነሳውም። ማሳው ያለው በዚያች ቃል ላይ ነው። ልጄ የሚያርሰው፣ ሁለት ሴቶች ልጆቼ የሚካፈሉት፣ በዚያች ቃል ላይ ነው። ደሴ ሲያጉረመርም ኖሯል። ግን ሕፃን ነበር፤ የሚያውቁት ደግሞ አይናገሩለትም። አሁን ግን ወረቀት አገኘ።» ወደ ቦርሳዬ አዩ። «ትናንት ምንጩ ዳር ሲያስጽፍህ አይቻለሁ።»

«እቀደዋለሁ፤ አሁኑኑ» ብዬ ተነሳሁ።

«ተቀመጥ። ብትቀደው ‹እውነት ባይሆን ለምን ቀደደው› ይላል። እርሱ ከወረቀቱ ይብሳል።»

ልክ ናቸው። ይህን ሳስብ ከደጅ የአያ ደሴ ድምፅ ተሰማ። «መምህር፣ ሽማግሌዎቹ ድንጋዩ ጋ እየጠበቁህ ነው» ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ይታይሽ ተነሥተው ቦርሳዬን ከቀንዱ ላይ አወረዱና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «የኔን አልጻፍኸውም። የእርሱን ጽፈኸዋል። እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።» ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉን።

የፈረንጅ መቀመጫ ላይ አያ ተገኜና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ከእግራቸው በታች ማሳው፣ ከማሳው ማዶ ገደሉ። ደብተሬን ገለጥኩ።

አንደኛውን ጥያቄና መልሱን አነበብኩ። ሁለተኛውንም አነበብኩ። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አልለወጡም። ሦስተኛው ጋ ስደርስ በቀኝ በኩል ያለውን የራሴን ቆንጆ ጽሕፈት አየሁት። ሳየው አንድ የረሳሁት ነገር ታሰበኝ። ተማሪዎቼ አንድ ነገር ሲነግሩኝ ሁልጊዜ የምጠይቃቸው ጥያቄ አለ። ምንጩ ዳር ግን ከደስታዬ ብዛት አያ ደሴን ሳልጠይቃቸው ቀርቻለሁ።

«ከማንበቤ በፊት» አልኩ፣ «አንድ የዘለልኩት ነገር አለ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። አያ ደሴ፣ ይህን ያዩት ነው ወይስ የሰሙት?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ያኔ ዕድሜዎ ስንት ነበር?»

«እንጃ፤ ልጅ ነበርኩ።»

«ጡት የጣለ ሰሞን ነበር» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «እናቱ ደጅ አዝለው ነበር።»

«እንግዲያ የሰሙት ነው። ከማን ሰሙ? ስሙን ይንገሩኝና በቀኝ በኩል ልጻፈው።»

«ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«ሰው ሁሉ ብዬ መጻፍ አልችልም። አንድ ስም።»

አያ ደሴ ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ጣታቸውን ዘረጉ። «አያ ተገኜ ያውቃል። እርሱ ነበር፤ ይናገር።»

የማሳውን ገብስ ነፋስ ሲያወዛውዘው ይሰማ ነበር። ወይዘሮ ይታይሽ መሬት መሬቱን ያያሉ። እኔ እርሳሴን አነሳሁ፤ ሌላ ምን ላደርግ እችላለሁ? «አያ ተገኜ፣ ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ዘንጋቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሐሰት የሚናገሩ ሰው እንዳልሆኑ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ የፈራሁትም እርሱን ነው። (ስለ ፈረንጁ እሑድ የካዱትን እንዴት ከዚህ ጋር እንዳስታረቁት እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።)

«እኔ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምናገር» አሉ። «ይቺ ልጅ ክርስትና ስትነሳ ካህኑ ‹የማን ልጅ ናት?› አለ። ጋላዬ ‹የእኔ› አለ። አጠገቡ ነበርኩ። ይህን ጻፍ።»

ጻፍኩት። ከዚያ ማስመሪያዬን አውጥቼ፣ አያ ደሴ ያስጻፉኝን የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዝኩት።

«ምነው በእንጨት?» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ ጠጋ ብለው እያዩ።

«የተሰረዘው ሳያውቁ ሳይሆን ታስቦበት መሆኑ እንዲታይ ነው» አልኩ። ከሥሩም፣ አያ ደሴ እንደጠየቁኝ፣ ፈረምኩ።

ልብ በሉ፤ እውነቱን አውቅ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በፊት በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ በዐይኔም በጣታቸው ላይ አይቼዋለሁ። እውነት መሆኑን የማውቀውን ነገር በገዛ እጄ ስሰርዝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። በደብተሬ ሕግ ትክክል ነኝ፤ ከደብተሩ ውጭ ግን ምርጫው የእኔ ነበር።

አያ ደሴ አልጮኹም። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉና ማሳውን ማየት ጀመሩ። ያኔ ነው ወይዘሮ ይታይሽ የተናገሩት።

«ደሴ፣ ሁለቱ ታላላቆቹ ልጆችህ የታችኛውን ማሳ ይረሱትና ምርቱን እኩል እንካፈል። ዘሩን እኔ አወጣለሁ። ሰጪዋ ግን እኔ ነኝ።»

አያ ደሴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አዎ ይሁን አይደለም ወዲያው አልገባኝም። በኋላ ልጆቻቸው ማሳውን ሲያርሱት ያየ ሰው ነገረኝ።

አያ ተገኜ ወደ እኔ ዞሩ። «ሸጋ። ጽሕፈትህ ጥሩ ነው። በል አሁን ያንን፣ አያ ድው የጻፈውን ንገረን። ደብዳቤ ጻፈ ነው የምትል?»

ደብዳቤውን በቃሌ ተረጎምኩላቸው። «ጠላቶቼ በመቶ በመቶ ሆነው» የሚለው ጋ ስደርስ ሦስቱም ሽማግሌዎች በሳቅ ተደገፋፉ። ከዚያ እሑድ ዕለት «አልኖረም» የተባለው ፈረንጅ እንደ ጉድ መጣ። አንዱ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ተኩሶ አንድ ጭላዳ አልመታም አሉ። ሌላው፣ መምታት አቅቶት አይደለም፣ እጃቸው የሰው እጅ ይመስላል ብሎ አዝኖ ከላያቸው ይተኩስ ነበር እንጂ አሉ። በዚህ ተከራከሩ። በሶ ሲበላ ያንቀው እንደነበር፣ ገብሱ ሲወቃ እንደ ልጅ ከጭዱ ላይ ይዘል እንደነበር አወሩ። አያ ደሴ እንኳ በመጨረሻ «ባርኔጣው ከገደሉ ሥር ተገኝቶ አባቴ ዶሮ አስቅፎበታል» አሉ። ከዚህ አንዱንም አልጻፍኩም። ሰማሁ ብቻ።

ስነሳ ወይዘሮ ይታይሽ በጨርቅ የተቋጠረ ጭብጥ የምታህል ገብስ ሰጡኝ።

ጎንደር ገብቼ ለብሩኖ ሁሉንም በተራ ነገርኩት። የጭላዳው ነገር ሲገባው ሁለተኛውን ደብዳቤ አንሥቶ እንደገና አነበበው። «እናቴ» አለ በመጨረሻ፣ «በየእሑዱ ለእነዚያ ተዋጊዎች ነፍስ ትጸልይ ነበር።» ከዚያ ሳቀ፤ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

«ሦስተኛው ጥያቄስ?»

ደብተሩን ገልጬ አሳየሁት። አማርኛ አያነብም፤ የተሰረዘውን መስመር ግን አየ። ቋጠሮውን ፈትቼ ገብሱን ደብዳቤዎቹ አጠገብ አፈሰስኩት።

«ይህን የላከልዎ ሰው ‹አባትህ የጠበቀው ማሳ ዛሬም በእጃችን ነው በለው› ብሏል።»

«የሰውየው ስም ማን ነው?»

«አይጻፍም።»

አንዷን ፍሬ አነሳ። ትንሿ ጣቱ ከሌሎቹ ሥር ተደበቀች፤ እኔ እርሷን ሳይ እርሱ ደግሞ እኔን ሲያይ ተያየን። ሌላ አልጠየቀኝም። ገብሱን አንድ በአንድ ለቅሞ ሦስተኛው ደብዳቤ ውስጥ፣ ካበቃችው መስመር ላይ አድርጎ አጠፈው። እንግሊዞች ጎንደር ሲገቡ እንደ ሌሎቹ ተማርኮ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም። ካርታው ግን ክፍሌ ግድግዳ ላይ አለ።

ይህን ከማሳተሜ በፊት ወደ ላይ ወጥቼ ለወይዘሮ ይታይሽ አነበብኩላቸው፤ የእርሳቸውም የሌሎቹም ስም እውነተኛው አይደለም። «ማሳውን በሽማግሌ ፊት ለልጆቼ አካፍዬአለሁ፤ አሁን የሚነቅለው የለም። የደብሩን ስም ካላነሳህ ጻፈው» አሉኝ። ስለ ባርኔጣው የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

ዛሬም ደብተር እይዛለሁ፤ ዛሬም በማስመሪያ እሰርዛለሁ። ግን ቀድሞ፣ ጥያቄ ንጹሕ ነገር ነው፣ የሚያስፈራው መልሱ ነው ብዬ አስብ ነበር። አሁን ተማሪዎቼን የትውልዳቸውን ታሪክ ጠይቀው እንዲመጡ ስልካቸው፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ለምን እንደሚጠይቁ እንዲጽፉ አዛቸዋለሁ። ያን መስመር ያልጻፈ ልጅ አይሄድም።

እናንተም ሞክሩት። በቤታችሁ ካሉት ሁሉ ትልቅ የሆኑት ሰው ዘንድ ሂዱ፤ እርሳሱንና ደብተሩን ሰው በሚያየው ቦታ ስቀሉት። ምን እንደምትሹ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ከዚያ ስለ አባታቸው ጠይቁ። የሚነግሯችሁን ሁሉ ስሙ፣ በሚስቁበት አብራችሁ ሳቁ። ተነሥታችሁ ደብተሩን ስታወርዱ ደግሞ አንድ ጊዜ ቆም በሉና፣ ይህ ቢጻፍ ከማሳው የሚነቀል ሰው እንዳለ ጠይቋቸው። አለ ካሏችሁ ቀኙን ገጽ ባዶውን ተዉት።